የሙሉ ጋን ድምፅ

ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕክምና ልማር ቤይሩት ሄድኩ። መጻሕፍቱ አንገሸገሹኝ፤ እንግሊዝኛው አልገባህ አለኝ። የበሽተኛን ደረት በጣት እያንኳኩ ውስጡን ማወቅ ስንማር ግን ከሁሉ ቀደምኩ። መቐለ እናቴ ስዋ የጠመቀችበትን ጋን እንዲሁ እያንኳኳች፣ ባዶው ሲጮኽ ሙሉው ሲታፈን፣ የት ድረስ እንደሞላ መለየት አስተምራኝ ነበር።

ለዕረፍት ስመለስ ከስታ፣ እየሳለች አገኘኋት። እኔ ግን ጉራዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ጎረቤቱን ሁሉ ሳንኳኳ ዋልኩ። በመጨረሻ እየሳቀች ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«በል ወደይ፣ እኔንም አንኳኳኝ።»

ከትከሻዋ ጀምሬ ወረድኩ። ግራ ጎኗ ላይ ስደርስ ድምፁ ታፈነ። ደግሜ አንኳኳሁ፤ ያው ነው።

«ምንም የለብሽም፣ አደይ» አልኳት።

ሳቋ ጠፋ።

«የት ድረስ ሞልቷል?» አለችኝ።