እናቴ ሙሽራ አልሰጥም ያለች ሰሞን

እናቴ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ጨርቅ ስትሸጥ ነው ያረጀችው። ክርክር ላይ የሚያህላት አልነበረም፤ በአማርኛ ትጀምርና በኦሮምኛ አጥብቃ በሶማሊኛ ትጨርሳለች። የመርሳት በሽታው ሲመጣ መጀመሪያ የወሰደባት የኔን ስም ነው። አሁን "ይቺ ልጅ" ትለኛለች። የማግዛት ሰው መሆኔን እንጂ የወለደችኝ መሆኔን አታውቅም። ክርክሯ ግን አልተነካም።

መጋላ ሰፈር አጠገብ እንደሷ ላሉ አዛውንቶች የቀን መዋያ መከፈቱን ጎረቤቴ ነገረችኝና ወሰድኳት። ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፍ ጥላ ስር ሥዕል ይሣላል፣ ይዘፈናል፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ድራማ ይሠራል። ድራማውን የምትመራው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ቃል አታስጠናም፤ ማን ያስታውሳል? ሁሉም በኑሮው የሚያውቀውን ነገር ትመርጥና "በሉ ጀምሩ" ትላለች።

የመጀመሪያው ሐሙስ ሠርግ ሆነ። ሙሽራው አንድ የድሮ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ እናቴ የሙሽሪት እናት። ሙሽሪት ግን ጠፋች። ሴቶቹ ሁሉ እኛ ለጭፈራ ነው የመጣነው አሉ። አስተማሪዋ ዙሪያዋን አየችና ሻሽ አምጥታ እኔ ላይ ጣል አደረገች። ባል ያለኝ፣ ልጆች የወለድኩ ሙሽራ ሆንኩ።

መርሳቱ ገና ያልጠናባቸው ሁለት አዛውንቶች ሽማግሌ ሆነው መጡና ልጅቷን ለልጃችን አሉ። እናቴ ሥራው ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ሹፌር ነው አሏት። ሹፌር ቤቱ አያድርም አለች። አንደኛው የሙሽራውን ጠባይ ማመስገን ሲጀምሩ፣ ለመሆኑ ጥርሱ የት ሄደ አለቻቸው። ግቢው በሳቅ ተናጋ፤ ሙሽራውም ጭምር ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። አልሰጥም አለች፣ ሽማግሌዎቹም ተነስተው ሄዱ፣ ድራማው እዚያው ላይ አለቀ።

በሚቀጥለው ሐሙስም ከለከለች፤ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ያለፈውን ስለማታስታውስ ሁሌም እንደ አዲስ ትሰማለች፣ እንደ አዲስ ትከለክላለች። ጭፈራ የናፈቃቸው ሴቶች ማጉረምረም ጀመሩ። አንዷማ፣ አቦ፣ ይቺ ሴትዮ ልጅቷን ቆማ ቀር ልታደርጋት ነው አለችኝ፣ ልጅቷ እኔ መሆኔን ረስታ። አስተማሪዋ ሌላ ድራማ እናምጣ ስትል ግን ሁሉም እምቢ አሉ።

አንድ ሐሙስ በባጃጅ ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ንዴቷ ገና አልበረደላትም ነበር።

"እማ፣ ልጅቷን ለምን ከለከልሻቸው?" አልኳት።

እጄን ያዝ አደረገችኝ። "እሷ ከሄደች ፀጉሬን ማን ያበጥርልኛል?"

ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ይህን ለአስተማሪዋ ነገርኳት፤ እሷም ሽማግሌዎቹን አማከረች። በቀጣዩ ሐሙስ አዲስ ቃል ይዘው መጡ። ሙሽራው እርስዎ ዘንድ ይገባል እንጂ ልጅቷ የትም አትሄድም አሏት። እናቴ ሙሽራውን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው።

"ያበስላል?"

ሹፌሩ ሻይ ማፍላት እችላለሁ አሉ። እናቴ ትንሽ አሰበችና ይሁን አለች።

እልልታው መንገድ ድረስ ተሰማ። ሳምንታት የጠበቁት ሴቶች ከበሮውን ይዘው ወጡ፣ እናቴም መሀል ገብታ ጨፈረች። ዛሬም በየሳምንቱ መጀመሪያ ትከለክላለች፤ ሽማግሌዎቹ ግን የሚያሳምናትን አውቀውታል። እኔም ሐሙስ ሐሙስ እዳራለሁ። ባለቤቴ ምሳ ሰዓት ላይ ይደውልና "ዛሬስ ሰጡሽ?" ይለኛል።