የኋሊት ሞላሌ የገባችው መኪና

ሰው የፈለገውን ያውራ፣ ወሰኔ ያቺን መኪና የኋሊት የነዳት ስላላወቀበት አይደለም። እርግጥ መጀመሪያ ላይ ተሳስቷል፤ ይህን እሱም አይክድም። ስህተቱን ካወቀ በኋላ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ሳያስተካክላት የኖረው በገዛ ፈቃዱ ነው። ለምን ቢባል፣ ነገሩ ከዓይን ይጀምራል።

ወሰኔ ቀጥቃጭ ነበር። አባቱም ቀጥቃጭ፣ አያቱም ቀጥቃጭ። ከሞላሌ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ በግራዝማች ወልደ ጻድቅ መሬት ጥግ ላይ አንዲት ጎጆና አንዲት የብረት መቀጥቀጫ ዳስ ነበረችው። ገበሬው ማረሻው ሲዶለዱም ወደ እሱ ይመጣል፣ ማጭዱን ያስስላል፣ ከዚያ ልጁን በነጠላው ሸፍኖ ሹልክ ይላል። ቡዳ ነዋ፣ ዓይኑ ይበላል። ስለዚህ ወሰኔ ከልጅነቱ የተማረው ትልቁ ሙያ ብረት ማቅናት ሳይሆን መሬት መሬት ማየት ነው። ጌታ በበቅሎ ሲመጣ ከመንገድ ወርዶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ኮቴው እስኪርቅ መጠበቅ። እንዲህ ሲል አርባ ዓመት ሞላው።

ርስት የለውም። ቀጥቃጭ ከየት አምጥቶ? የቆመባት መሬት የግራዝማች ናት፤ ውጣ ካሉት መውጣት ነው።

በግራዝማች ግቢ ደግሞ ጣልያን ሲሸሽ የጣላት አንዲት አሮጌ መኪና ነበረች። አሥራ ስምንት ዓመት ዶሮ አድሮባታል። ሞተሯ ተሰንጥቆ ዝጓል፤ የቀረው አካሏ ግን ደህና ነው። ይህን ከወሰኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። እሱ በጣልያን ጊዜ ደብረ ሲና፣ መኪና ማደሻ ውስጥ ባሌስትራ ሲቀጠቅጥ ከርሟል። ጣልያኑ ስለ ቡዳ የሰማው ነገር ስላልነበረ ከሞተር አጠገብ አስቀመጠው፤ ወሰኔም እጁ እየሠራ ዓይኑ የቀረውን ለቀመ።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ክረምት ላይ ግራዝማች ለወፍጯቸው አዲስ ሞተር አስመጡና አሮጌውን የናፍጣ ሞተር አጥር ሥር አስጣሉት። ወሰኔ አየው። ሦስት ቀን አሰበና በአራተኛው ሄዶ፣ እንደ ደንቡ መሬት እያየ፣ ሁለቱን የወደቁ ብረቶች ስጡኝ አላቸው። ሞተሩን መኪናዋ ውስጥ አስገብቼ አስነሣታለሁ አለ።

ግራዝማች እንግዳ ነበረባቸውና ማሾፍ አማራቸው። «ሬሳ ላይ ሬሳ ጭነህ ልታስነሣ?» አሉት። ሳቁ ሲበርድ ግን፣ መቼም ነገር ወዳድ ናቸው፣ ውሉን በእንግዶቻቸው ፊት በመሐላ አሰሩት። «ለኅዳር ሚካኤል፣ ሰው ሳይገፋት፣ በሬ ሳይጎትታት፣ በራሷ ጉልበት ከግቢዬ ወጥታ ሞላሌ ገበያ ከገባች መኪናዋም ያንተ፣ የቆምክባትም መሬት ያንተና የልጆችህ። ካልገባች ጎጆህን አፍርሰህ ከአገሬ ውጣልኝ። ንጉሥ ይሙት!»

ዋስ ጥራ ተባለ። ለቀጥቃጭ ዋስ የሚሆን ክርስቲያን ጠፋ። የቆመለት ዓብዱልቃድር ነው፤ ከቆላ ጨርቅና ናፍጣ በአህያ ጭኖ የሚወጣ ነጋዴ። «እኔ አለሁለት» አለ።

ከዚያ ሦስት ወር እንቅልፍ የለም። ሞተሩን ስምንት ሰው በወሳንሳ ተሸክሞ አስገባው። የወፍጮ ሞተርና የመኪና ካምቢዮ፣ የማርሹ ሳጥን፣ እንዲገጥሙ ስላልተፈጠሩ፣ በመካከላቸው የሚገባውን ማያያዣ ወሰኔ ራሱ መፈልሰፍ ነበረበት። ሚስቱ ብርነሽ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ቅርጹን በጭቃ እየሠራች ታሳየዋለች፣ እሱ በብረት ይደግመዋል። አራት ጊዜ አልሆነም። ጎማዎቹ ነፋስ አልይዝ ሲሉ የጓሳ ሣር በገመድ መልክ ገምደው ጠቀጠቁባቸው። ሞተሩን ለብቻው አስነሥቶ ሞክሮታል፤ ማያያዣው ያለቀው ግን የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት ነው። ከጎማው ጋር አገናኝቶ ለመሞከር ጊዜ አልነበረውም።

ያን ዓመት ሚካኤል ከገበያ ቀን ጋር ገጠመ። ግቢው በሰው ሞላ። ወሰኔ የማስነሻ ብረቱን፣ ማኖቬላውን፣ አዞረ፣ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ተነሣ፣ ሰው ወደ ኋላው ሸሸ። ወንበሩ ላይ ወጣ። ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ማርሽ አስገባና በእግሩ የረገጠውን ፍሪሲዮን ለቀቀ። መኪናዋ የኋሊት ሄዳ የግራዝማችን የጭድ ክምር ወጋችው።

ሳቁ ሞላሌ ተሰምቶ ይሆናል። ወሰኔ ግን ወዲያው ገባው። የወፍጮው ሞተር የሚዞረው ከመኪናዋ ከዱሮው ሞተር በተቃራኒ ነው። ወፍጮ ግድ የለውም፤ መኪና ግን ወደፊት የተባለውን ሁሉ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ለወትሮው ወደ ኋላ የሚወስደው ማርሽ አሁን ወደፊት በወሰዳት፤ የዚያ ማርሽ ጥርስ ደግሞ ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ የረገፈ ነው። መድኃኒት አለው፤ የኋላ ጎማዎቹ የሚዞሩበትን ብረት አውጥቶ ገልብጦ መግጠም ነው። ሁለት ቀን ይፈጃል። ቀኑ ግን ዛሬ ነው።

ግራዝማች ከበቅሏቸው ላይ ሆነው «በል እንግዲህ ጎጆህን አፍርስ» አሉ፣ ረጋ ብለው።

ወሰኔ እጁ መሪው ላይ ቀረ። ያቺ ጎጆ አባቱ የሞተባት፣ ልጆቹ የተወለዱባት ናት። ብርነሽ ቀረብ ብላ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማት አድርጋ «ትሄዳለች አይደል?» አለችው።

«ወደ ኋላ።»

«ትሂዳ። እኔ ከኋላዋ ሆኜ መንገዱን አይልሃለሁ። አንተ መሪውን ያዝ።»

ነዳት። ግቢውን የኋሊት ዞረችና በቂጧ በኩል በበሩ ወጣች። ብርነሽ ነጠላዋን አገልድማ ከመኪናዋ ኋላ ቀድማት ትሮጣለች፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ድንጋይ አለ ትላለች። ግራዝማች መኪናዋ የምትቆምበትን ለማየት በቅሏቸውን ነድተው ከአፍንጫዋ ሥር ተከተሉ። እናም ወሰኔ ቀና ሲል በፊተኛው መስታወት በኩል ከጌታው ጋር ፊት ለፊት ገጠመ።

መጀመሪያ እንደ ልማዱ አቀረቀረ። ከዚያ አንድ ነገር እምቢ አለው። ከመንገድ ወርዶ የሚቆምበት ጥግ ዛሬ የለም፤ መንገዱን የያዘው እሱ ነው። አንገቱን ቢያዞር መንገዱን ማየት ይችል ነበር፣ ግን አላዞረም። መንገዱን ለሚስቱ ድምፅ ትቶ ግራዝማችን አያቸው። ፂማቸው እንደ ሸበተ፣ አንድ ዓይናቸው ትንሽ እንደሚያነባ አርባ ዓመት ሙሉ አያውቅም ነበር። ግራዝማች ኩታቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። እሱ ማየቱን አልተወም።

መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። አንድ ደግ ሰው ሊገፋ እጁን ሲዘረጋ ብርነሽ በዱላ መለሰችው። «እንዳትነካት፤ ቤቴን ልታፈርስ ነው?» አለችውና ነጠላዋን አውልቃ ጎማው ሥር ጎዘጎዘችው። ለክብር የምትለብሰው ነጠላ እሱ ብቻ ነበር። መኪናዋ ነጠላውን ቀዳድዳ ወጣች።

ሞላሌ ገበያ ሲገቡ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የውሃ በርሜል ይፈላ ነበር። ዳኝነቱን ለመሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ሰጡ፤ በመሐላው ቀን ከነበሩት እንግዶች አንዱ ናቸው። ግራዝማች «የኋሊት መንፏቀቅ መሄድ አይባልም» ብለው ተከራከሩ። ዓብዱልቃድር ተነሥቶ «ገፊ አይታችኋል? በሬ አይታችኋል? ሌላ ቃል በውሉ የለም» አለና ተቀመጠ።

መሪጌታ ሁለቱንም ማስታረቅ ፈለጉ። «ከጌታ ፊት የሚወጣ ሰው ጀርባውን አይሰጥም፤ እጅ እየነሣ የኋሊት ነው የሚወጣው። ወሰኔም ለጌታው እጅ እየነሣ ወጣ ብለን ብንጨርሰው ምን ይመስልሃል፣ ወሰኔ?» አሉ። የግራዝማች ፊት ፈታ አለ። ብርነሽ ባሏን በዓይኗ ለመነችው። አዎ ቢል መሬቲቱ የሱ ናት።

ወሰኔ መሬት አላየም። «አይ፣ አባቴ» አለ። «ሞተሩን በስህተት ገጠምኩት፣ የኋሊት ሄደች። እጅ አልነሣሁም። መንገዱን ሙሉ ዓይን ዓይናቸውን ሳያቸው ነበር። ዓይኔ የሚበላ ቢሆን ኖሮ ግራዝማች ወንዙን አይሻገሩም ነበር። ይኸው በጤናቸው ገበያ ገብተዋል።»

ከኋላ አንዲት ድንች ሻጭ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ሌላው ተከተለ፤ ይህኛው ሳቅ ግን በወሰኔ አልነበረም። ግራዝማች ኩታቸውን ቀስ ብለው ከአፍንጫቸው አወረዱ። መሪጌታ «መሐላው ሳይገፏት ሳይጎትቷት ትግባ ነው። ገብታለች። ግራዝማች፣ በንጉሥ ምለዋል» አሉ።

መሬቲቱ እንዲህ የወሰኔ ሆነች። ማታ ብርነሽ «አዎ ብትል ምን ነበረበት? ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ» ብላ ተቆጣችው። እሱ በማግስቱ ነጠላ ገዛላት። መኪናዋን ገልብጠህ ግጠማት ስትለው ግን እምቢ አለ። በየገበያው ቀን እህል ጭኖ፣ በግራዝማች በር የኋሊት እያለፈ፣ በረንዳቸው ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ እስከ መታጠፊያው ድረስ እያየ ይሄድ ነበር። ግራዝማችም ከዚያ ቀን በኋላ ፊታቸውን ተሸፍነው አያውቁም።

ግራዝማች በስምንተኛው ዓመት በሳል ሕመም ሞቱ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ ቡዳ በላቸው ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። ወሰኔ ከቀብራቸው መልስ መኪናዋን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ ብረቱን ገለበጠው። ሁለት ቀን አልፈጀበትም።