ድንቡሼ ማልቀስ ስትለምድ

የሰፈሩ ሰው ልብስ ሰፊዋን «እትዬ ሬዲዮ» ይላታል። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ታወራለች፣ ወገብ እየለካች ታወራለች፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛም ቢሆን ማውራቷን አትተውም። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሰው የጎረቤቱን ጠብ፣ የጉልበት ሕመም መድኃኒትና የራሱን ጠባይ ሳይቀር ሰምቶ ነው የሚወጣው። ቅጽል ስሟን ታውቀዋለች፣ ተቀይማበትም አታውቅም።

ቤቷ ውስጥ ወሬዋን የሚሰማት አንድ ሰው ነበር፣ ባሏ። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ዝም የሚለው ተራ ስላልደረሰው ነው እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። እሱ ካረፈ በኋላ ቤቱ ጭር አለባት። ስለዚህ አንድ ማኅበር በሰው አገር ላለ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ስፌት የምታውቅ በጎ ፈቃደኛ እንደሚፈልግ ስትሰማ ሱቋን ለታናሽ እህቷ አስረክባ ለመሄድ ተነሣች።

«እትዬ፣ ቋንቋቸውን ሳታውቂው ምን ልታወሪ ነው?» አለቻት እህቷ።

«ለሕፃናቱ ነው የምሄደው። እነሱስ ቢሆኑ መቼ አወቁት?»

ማሳደጊያው ቀለሙ የተላጠ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ከታች ወጥ ቤቱና የልብስ ማጠቢያው፣ ከላይ የሕፃናቱ ክፍል። ብርሃን እንድታገኝ ብለው የስፌት መኪናውን ሕፃናቱ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጡላት። ሥራውን ለመልመድ ጊዜ አልፈጀባትም። የአንሶላ ጠርዝ ትቀመቅማለች፣ የትልልቆቹን ሱሪ ለትንንሾቹ ታሳጥራለች፣ ያረጀ ፎጣ ቆርጣ የለሀጭ ጨርቅ ታደርጋለች። ማኅበሩ ያስተማራት የአገሩ ቋንቋም እየተንገዳገደ መራመድ ጀመረ።

የገረማት የክፍሉ ጸጥታ ነው። አልጋዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፣ ሕፃናቱ ነቅተው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ፣ አንድም የሚያለቅስ የለ። ለእህቷ ስትደውል አመሰገነቻቸው።

«እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች መሰሉሽ። ድምፃቸው አይሰማም እኮ።»

«እሰይ፣ አንቺም እረፍት አገኘሽ» አለቻት እህቷ።

የሞግዚቶቹ አለቃ ፊቷ የማይፈታ ረጅም ሴት ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የቤቱን ደንብ የነገረቻት፦ ሕፃን ከሚበላበትና ከሚታጠብበት ሰዓት ውጭ ከአልጋው አይነሣም፤ በጎ ፈቃደኛ ደግሞ ጨርሶ አያነሣም። ልብስ ሰፊዋ እሺ አለች፣ በሆዷ ግን ምን ያለችው ልበ ደንዳና ናት አለች።

ከስፌት መኪናው አጠገብ ባለው አልጋ የተኛችው ልጅ እግሯ የክብሪት እንጨት ያክላል። ልብስ ሰፊዋ ገና ስታያት «ድንቡሼ» ብላ ስም አወጣችላት፣ ከዚያ ወዲያ ወሬውን ለቀቀችው። ክሩ ሲበጠስ ለድንቡሼ ትከሳለች፣ መርፌ ሲወጋት ለድንቡሼ ታሳያለች፣ የሰፈሯን ሰው አንድ በአንድ ታማላታለች። ልጅቱ መጀመሪያ ከጣሪያው ዓይኗን አልነቀለችም። ኋላ አንገቷን ወደ ድምፁ መለስ አደረገች። እያደር በዓይኗ ትከተላት ጀመር፣ አንድ ቀን ደግሞ መኪናው ሲንኳኳ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ ደንቡን የረሳችው ያን ዕለት ነው። ሞግዚቶቹ ወደ ታች ሲወርዱ ጠብቃ አነሣቻት፣ እሹሩሩ አለቻት፣ በአንሶላ አዝላት ስፌቷን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ።

አንድ ከሰዓት ክር ልታመጣ ወደ ዕቃ ቤት እንደወረደች ከላይ ልቅሶ ሰማች። ደረጃውን እየዘለለች ወጣች። ድንቡሼ ናት፣ እጆቿን ወደ በሩ ዘርግታ ታለቅሳለች። ልብስ ሰፊዋ አፈፍ አድርጋ ስታነሣት አለቃዋ ከኋላዋ ቆማለች።

«ሰማሻት? ድምፅ አላት» አለች ልብስ ሰፊዋ በደስታ።

አለቃዋ አልተቆጣችም። ባዶ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ስትቀመጥ አይታት አታውቅም።

«ሲመጡ ሁሉም ያለቅሳሉ» አለች። «እኛ ለዚህ ሁሉ ልጅ ሦስት ነን። አንዱን ስናጥብ ሌላው ያለቅሳል፣ የሚመጣለት የለም። ቀን በቀን እንዲህ ሲሆን ይተዉታል። ዝም የሚሉት ጨዋ ሆነው አይደለም፣ ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ማንሣት ነው እንጂ መፍትሔው።»

«ማንሣትስ ላትሄጂ ከሆነ ነው። የሚመጣው ሁሉ አንዱን ይመርጣል፣ ያስለምደዋል፣ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ልቅሶ የምንሰማው እኛ ነን።»

ልጅቱ ልብስ ሰፊዋ ትከሻ ላይ ተለጥፋ እያንቀላፋች ነበር።

«አልሄድም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

የምሯን ነበር። የመኖሪያ ፈቃዷን እንዲያራዝሙላት ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተች፤ አይሆንም አሏት። በማደጎ ልውሰዳት አለች፤ ዕድሜዋ የገፋ፣ ባል የሌላትና የውጭ አገር ሰው ስለሆነች ሕጉ አይፈቅድም አሏት። የመሄጃዋ ቀን ሲቀርብ ቀስ በቀስ ላስረሳት ብላ ለአልጋው ጀርባዋን ሰጥታ መስፋት ጀመረች። ልጅቱ አለቀሰች። መኪናውን ጠንክራ ረገጠችው፣ ልቅሶው ግን ከመኪናው ድምፅ በለጠ። ስፌቱ ተጣሞ ቢቀርም ተነሥታ አዘለቻት። ያስለመድኳት እኔው ነኝ፣ በምን አንጀቴ ነው የምጨክንባት አለች።

በሄደችበት ጠዋት አብልታት፣ አገሳቻትና አስተኛቻት። ሻንጣዋን ይዛ ግማሽ ደረጃ ሳትወርድ ልቅሶው ተጀመረ። አለቃዋ የግቢውን በር ከፍታ ትጠብቃታለች።

«አንቺ አንሺልኝ» አለቻት።

«በቻልኩ ጊዜ አነሣታለሁ። አሁን ሂጂ፣ ዞረሽ አትይ።»

ልብስ ሰፊዋ ዞራ አላየችም፣ ልቅሶውን ግን መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ሰማችው።

አገሯ ገብታ ሱቋን ስትከፍት ደንበኞቿ ግራ ገባቸው። እትዬ ሬዲዮ ለክታ፣ ቆርጣ፣ ሂሳቧን ተቀብላ ደህና ሁኑ ትላለች፣ ሌላ ወሬ የላትም። የምታወራው ከማሳደጊያው አለቃ ጋር በስልክ ብቻ ሆነ። ጥያቄዋም አንድ ነው።

«ዛሬስ አለቀሰች?»

«አለቀሰች። ወደ መስኮቱ ዞራ ነው የምታለቅሰው።»

ይህን በሰማች ቁጥር ልጅቱ ተስፋ አልቆረጠችም ማለት ነው እያለች በዚያው ትጽናና ነበር።

ዝናብ የጣለ ቀን ነው፣ እህቷ ከሱቁ ወዲያ ጥግ ጨርቅ ትለካለች፣ እሷ ደወለች።

«ዛሬስ አለቀሰች?»

«ተወች» አለች አለቃዋ። «እውነቴን ነው የምልሽ፣ ባገኘሁት ፋታ ሁሉ አንሥቻታለሁ። አልበቃትም።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን አስቀመጠች።

«ምን አሉሽ፣ እትዬ?»

«ማልቀስ ተወች አሉኝ።»

«እሰይ፣ ተመስገን። ጨዋ ሆነችልሽ በያ» አለች እህቷ ሜትሯን ዘርግታ፣ ቀና ሳትል።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍታ እንደ ሕፃን ጮኻ አለቀሰች። እህቷ ሜትሩን ጥላ እየሮጠች መጥታ አቀፈቻት።