ከጀርባው ግርጌ በስተግራ

ያቺን ሴትዮ የጠላኋት ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላት ነበር፤ ስድሳ ሊሞላት ጥቂት ለቀራት ሴት ሌላ ምን ይባላል። በሆዴ ግን አንቺ ነበረች። እዚህም እንደዚያው እጽፋታለሁ፤ ያን ጊዜ ያልነበረኝን ጨዋነት ዛሬ ቀብቼ ማቅረብ አልፈልግም።

የምንሠራው አትላንታ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነበር። ሥራችን ዲቪዲ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፣ ዛሬም ዲቪዲ የሚያይ አለ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። አለ። ክፍል ውስጥ የሚያሳዩ መምህራን አሉ፤ ኢንተርኔት ላይ የማይገኝ ዘጋቢ ፊልም የሚፈልጉም አሉ። እሷ የመጣውን ካርቶን ትከፍታለች፣ ላስቲኩን ትልጣለች፣ የዲስኩ መያዣ ኬዝ ላይ ባርኮድ ትለጥፍና ወደ እኔ ታስተላልፋለች። እኔ ካታሎግ አደርጋለሁ፤ ርዕሱን፣ አዘጋጁን፣ ቋንቋውን፣ ፊልሙ የሚፈጀውን ደቂቃ ኮምፒውተር ላይ እመዘግባለሁ። ስጨርስ ጋሪ ላይ ደርድራ በአሳንሰር ወደ ማዋሻው ክፍል ትወስደዋለች።

እኔ በዲቪ የመጣሁ ነኝ። አዲስ አበባ የተማርኩት ይህንኑ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ነው፤ እዚህ ስመጣ ግን ሁለት ዓመት ደንዉዲ አንድ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ነው የቆየሁት። ስለዚህ ያቺ ወንበር ላይ ስቀመጥ ዲግሪዬም አብሮኝ ተቀመጠ። እሷ ምድር ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ቆይታለች፤ ስለ ሙያው ግን አንድ ቀን ክፍል ገብታ አታውቅም። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ ለሰው እናገር ነበር።

ላስቲክ ስትልጥ የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር ታንጎራጉራለች። ዓርብ ዓርብ ስቶን ማውንቴን ወዳለው ጸሎታቸው እንድመጣ ትጋብዘኛለች፤ ኦርቶዶክስ ነኝ ብላት፣ ብትመጣ ምን ይቀርብሃል ትላለች። ምሳዋን ስትከፍት የሽሮው ሽታ ከሰዓቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ይውላል። ይህ ሁሉ ያናድደኝ ነበር፤ ዋናው ጠባችን ግን ባርኮዱ ነው።

ባርኮዱን የምትለጥፈው ከኬዙ ጀርባ፣ ግርጌው ላይ፣ በስተግራ ነው። አብዛኛው ኬዝ ላይ የፊልሙ ደቂቃ የሚታተመው እዚያው ነው። እሷ ስትሸፍነው እኔ ዲስኩን ማሽን ውስጥ ከትቼ፣ የማስጠንቀቂያ ጽሑፉ እስኪያልፍ ጠብቄ፣ ደቂቃውን ከዚያ መፈለግ አለብኝ። ለአንድ ዲስክ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሁለት ደቂቃዬ በማታውቅ ሴትዮ ተነጠቀ ብዬ እንደዚያ ስንጨረጨር ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

አንድ ቀን ነገርኳት። ባርኮዱን ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ ጥግ ብታደርገው ማንንም እንደማይጎዳ በትህትና፣ ማለትም በንቀት፣ አስረዳኋት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ልጄ፣ ሌላ ቦታ አይሆንም። አንድ ቀን ጋሪውን ይዘን ላይ እንውጣና በዓይንህ እይ።»

ጋሪውን ልታስገፋኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ጉልበቷን ያማታል፤ ከወንበር ስትነሳ ጠረጴዛውን ትደገፋለች። ተምሬ መጥቼ የአሮጊት ጋሪ አልገፋም አልኩ በልቤ፤ ለእሷ ግን ሥራ በዝቶብኛል ነው ያልኳት። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። አልወጣሁም።

ይልቅ አሥራ አራት ኬዝ ፎቶ አንስቼ ለአለቃችን ኢሜይል ጻፍኩ። አለቃችን ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ አሜሪካዊት ናት። ኢሜይሉ ለሴትየዋም ግልባጭ እንዲደርሳት አደረግኩ፤ ያን ጊዜ ይህ ወንድነት መስሎኝ ነበር። የአገሬን ሰው በእንግሊዝኛ ከሰስኩ። አለቃችን እባካችሁ ተነጋግራችሁ ፍቱት ብላ መለሰች።

በማግሥቱ ሴትየዋ ኮቷን ሰቅላ ወደ እኔ ዞረች።

«እንደምን አደሩ» አለችኝ።

ልጄ ማለት ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለሥልጣን እንደሚያነጋግር ሰው አንቱ እያለች በሩቁ ታናግረኝ ጀመር፤ «ይህን ካርቶን ጨርሰዋል?»፣ «እንዳያደናቅፍዎ።» ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር፤ ይህን ግን በምን ልመልሰው? የጸሎቱ ግብዣም ቀረ፤ መዝሙሩም ቀረ። ባርኮዱን ግን እዚያው ግርጌ መለጠፏን አላቆመችም። እኔም ደብተር ገዝቼ የየቀኑን እጽፍ ጀመር፤ የትኛው ፊልም፣ ምኑ ተሸፈነ፣ የትኛው ባርኮድ ተጣሟል። እውነቱን ለመናገር የተጣመመው ጥቂት ነበር።

ባሏ የልብ ሕመምተኛ መሆኑን አውቅ ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ በስልክ የሚወራ ሁሉ ይሰማል። አንድ ቀን ለእህቷ ይሁን ለጓደኛዋ፣ «ደሞዙን ተይው፤ እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ሥራው ለሱ ስለሚሰጠው ኢንሹራንስ ነው፣ ሐኪሙም መድኃኒቱም በዚያ ነው» ስትል ሰምቻለሁ። እንዳልሰማ የጆሮ ማዳመጫዬን አደረግኩ፤ ግን ሰምቻለሁ።

በመኸር ወቅት ቤተ መጻሕፍቱ የዲቪዲ ግዢውን ሊቀንስ ወሰነ፤ ብዙው ፊልም በኢንተርኔት ይሆናል ተባለ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ሥራ አይኖርም፤ አንዳችን እንሄዳለን። አለቃችን ቢሮዋ ጠራችኝና በዚያው ለስላሳ ድምጿ፣ ያን ጊዜ የላክህልኝ ዓይነት ነገር ሌላም አለህ ወይ አለችኝ።

የለኝም ማለት እችል ነበር። ደብተሩ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ከእኔ በቀር ያየው የለም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ በኮምፒውተር በንጹህ ገለበጥኩት። መሐል ላይ ባሏን አስታወስኩ። ረስቼው ነበር ብዬ አልዋሽም፤ አስታወስኩና ላክሁት።

የመጨረሻ ቀኗ ጠረጴዛዋን በአልኮል ጠረገች። የባርኮዱን ጥቅልል አምጥታ እኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና፣ «የጋሪው ግራ ጎማ ይይዛል፤ ወደ ቀኝ እያሉ ይግፉት» አለችኝ። አላለቀሰችም፣ አልረገመችኝም። ደግሞ ይህም አናደደኝ።

በማግሥቱ ባርኮዱን ራሴ መለጠፍ ጀመርኩ፤ ከላይ፣ በስተቀኝ። ደቂቃዎቹ ሁሉ ወለል ብለው ይነበባሉ። ደስታዬን ብደብቅ ሐሰት ነው። ሁለት ጋሪ ሞላሁ፤ የላይኞቹ ወርደው ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ጋሪ ተመልሶ መጣ፤ አንዱም ባርኮድ በማዋሻው ማሽን ላይ አይነበብም የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ላይ የወጣሁት።

ማዋሻው ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ዲቪዲ እንዳይሰረቅ ቁልፍ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ይገባል። ፕላስቲኩ ጀርባውን በሙሉ ይሸፍነዋል፤ አንዲት ከአውራ ጣት የማትበልጥ ክፍት ቦታ ብቻ አለችው። ማሽኑ የሚያነበው በእሷ ነው። ከጀርባው ግርጌ፣ በስተግራ። ፕላስቲኩን እያገላበጥኩ ብዙ ቆምኩ። እዚያ ያለችው ሠራተኛ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት እንኳ ተመልሳ አታውቅም ነበር፣ አሁን ምን ሆናችሁ አለችኝ።

ወርጄ ባርኮዱን አንድ በአንድ ላጥኩ። ሽፋኑ አብሮ እየተቀደደ አራት ቀን ፈጀብኝ። ሁሉንም ግርጌ ለጠፍኩና ወደ ላይ ገፋሁት፤ ግራ ጎማው ይይዛል። በሳምንቱ አለቃችን ወርዳ፣ ችግሩ መፈታቱን ሰማሁ፣ ትክክለኛውን ቦታ ያገኘው ማን ነው ብላ ጠየቀች።

«እኔ» አልኩ።

ከአፌ ስትወጣ ምንም አልከበደችኝም። አለቃችን አመሰገነችኝ፤ ለወደፊቱ እንዲያገለግል በጽሑፍ አድርገው አለችኝ። አደረግኩት። አንድ ገጽ ነው፤ ሥዕልም አለው፣ ከሥሩም ስሜ አለ። የተሰቀለው እሷ ትቀመጥበት ከነበረው ጠረጴዛ በላይ ነው።

በጸደይ ኖርክሮስ አንድ የሐበሻ ሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ አየኋቸው። አዎ፣ እዚህ ላይ አንቺ ማለት አልቻልኩም። መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ባላቸው አጠገባቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አንቀላፍተዋል። አይቼ እንዳላየ ላልፍ ስል መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ጎንበስ ብዬ ጤናቸውን ጠየቅኩ። ሥራ አግኝተው እንደሆን ጠየቅኩ።

«ፓርት ታይም ነው። ኢንሹራንስ የለውም።» ባላቸው እንዳይነቁ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «መድኃኒቱን ቀን እየዘለለ ነው የሚወስደው።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ክስ የለም፤ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው የነገሩኝ። ይቅርታ ልል ነበር፤ ግን ያን ካልኩ ስሜ ስላለበት ወረቀትም መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ተውኩት።

«ላይ ወጡ?» አሉኝ።

«ወጣሁ።»

«አዩት?»

«አየሁት።»

ራሳቸውን ነቀነቁና መስኮቱን ዘጉ።

ወረቀቱ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። ባርኮዱን ከጀርባው ግርጌ በስተግራ እለጥፋለሁ፤ የፊልሙ ደቂቃ ይሸፈናል፤ ዲስኩን ማሽን ውስጥ እከትና እጠብቃለሁ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል።