ሙሽራውን እንቅልፍ የከለከልኩበት ቀን

ሹፌርነት በጀመርኩበት ቀን የተላክሁት ጎንደር፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ፈረንጅ ባልና ሚስት ተቀብዬ ሆቴል ማድረስ፣ በማግስቱም ስሜን ተራራ መውሰድ ነበረብኝ። አለቃዬ ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ «እንግዳ ልተኛ ካለ ይተኛ። አንተ መሪህን ያዝ» አለኝ።

እንግዶቹ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግተው እስኪመሽ ተኙ። በማግስቱ አምባ ጊዮርጊስን ሳናልፍ ሁለቱም ማንጎላጀት ጀመሩ። ከደባርቅ በላይ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሣር ሲነጭ አገኘሁና መኪናዬን አቁሜ ቀሰቀስኳቸው። ሰውዬው አንድ ዓይኑን ገልጦ፣ «ቆንጆ ነው» አለና መልሶ አንቀላፋ። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው እኮ ለዚያ ነበር። ቀኑን ሙሉ የተኛ ሰው እንዴት እንቅልፍ አይጠግብም? ነገሩ ሊገባኝ አልቻለም።

መልሱን ያገኘሁት ከራሴ ሆድ ነው። ረመዳን ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሆዴ በለመደው ሰዓት ምሳ አምጣ ይለኛል፤ እየቆየ ግን ተስፋ ቆርጦ ከምሽቱ መግሪብ ጋር ይስማማል። እንግዳውም እንደዚያው ነው አልኩ። እሱ ጎንደር ገብቷል፤ እንቅልፉ ግን ገና አገሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ ባገኘሁ ቁጥር ጠያቂ ሆንኩ። አገርህ አሁን ስንት ሰዓት ነው? መቼ ተኛህ? መቼ ራበህ? ሻንጣውን ከመኪናው ጣሪያ ፖርቶ መጋላው ላይ እጭንና እንግዳውን ጋቢና አስቀምጬ ከሆቴሉ በፊት ቁስቋም እወስደዋለሁ። በድሮው ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ መሃል ፀሐይ እየመታው ይራመዳል፣ በእኛ ሰዓት ይበላል፣ ሲመሽ ይተኛል። ሁሉም ባይሆን ብዙው በማግስቱ ነቅቶ ይውላል። አለቃዬ መጀመሪያ፣ «ሹፌር ነህ ወይስ ሐኪም?» እያለ ቀለደብኝ፤ በኋላ ግን ራሱ «በቁስቋም በኩል አዙረው» ማለት ጀመረ።

ይህ ሙያዬ የተፈተነው በጎረቤቴ ልጅ ነው። ሙባረክ የአዲስ ዓለም ሰፈሯ የእትዬ ዘሃራ ልጅ ሲሆን ሊያገባ ከካናዳ መጣ። የጋብቻ ውሉ የሚታሰርበት ኒካሕ በማግስቱ ቀትር ላይ ነው። አዘዞ ስቀበለው ቆሞ ያንቀላፋል።

«ጋሽ ሰይድ፣ ነገ ሸኹ ሲጠይቁኝ ባንኮራፋስ?» አለኝ። ይስቃል፤ ግን ፈርቷል። የሙሽራይቱ ዘመዶች ፊት ማንቀላፋት ንቀት ነው።

ቤት ስንደርስ እትዬ ዘሃራ በር ላይ አቅፈውት አለቀሱ። ዶሮው ቀርቧል፣ አልጋው ተነጥፏል። የእኛ አገር ሰው ለመንገደኛ ያለው ፍቅር ይኸው ነው፤ አብልቶ ማስተኛት።

«እትዬ፣ አሁን ከተኛ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ነገ ኒካሑ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል» አልኳቸው።

«ምነው ሰይድ! ልጄ ሰማይ ለሰማይ ሲንከራተት አድሮ እንዴት አትተኛ ትለዋለህ?»

«አልጋውን ለማታ ያቆዩለት።»

እየከፋቸው ለቀቁልኝ። ትክል ድንጋይ የሚኖሩት አክስቱ እንዲመርቁት ይዤው ሄድኩ። እዚያም የመጀመሪያው ቃል፣ «ና፣ ጎንህን አሳርፍ» ሆነ። ምርቃቱን ተቀብለን አመለጥን። በመንገድ ላይ ዓይኑ በተከደነ ቁጥር መኪናዬን አቁሜ ፀሐይ ላይ አራመድኩት። ሲመሽ ቤቱ ገብቶ በልቶ ተኛ።

በማግስቱ ሸኹ ሲጠይቁት፣ «ተቀብያለሁ» ያለው ድምፁ ደጅ ድረስ ተሰማ። እኔ ከሙሽራይቱ አባት በላይ ኮራሁ። ከሴቶቹ ክፍል እልልታው ቀለጠ፤ የእናቱ ድምፅ ግን የለበትም። ሙባረክ ተነስቶ ሄደ፤ ተከተልኩት።

እትዬ ዘሃራ ግድግዳ ተደግፈው ተኝተዋል። ሲጠብቁትና ድግሱን ሲያሰናዱ ስንት ቀን ዓይናቸው አልተከደነም። ልጃቸው ትከሻቸውን ሲነካቸው ባንነው ነቁ፤ ሁሉም አልፏል።

«ምነው አትቀሰቅሱኝም ነበር?» ብለው አለቀሱ።

ሙባረክ በሙሽራ ልብሱ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «እማ፣ ተቀብያለሁ» አላቸው። ያን ጊዜ እልል አሉ፤ ብቻቸውን።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ለወጣት ሹፌሮች የምለው ይህን ነው፦ መንገደኛውን መቼ እንደተኛ ስትጠይቁት፣ ሲጠብቀው የከረመውንም ሰው ጠይቁ።