የጋሽ ደስታ ወንበር

ቢቸና ውስጥ ራዲዮ እየፈታች የምትገጥም ሴት ከእኔ ሌላ አላውቅም። ስለ ራዲዮ የማዋራው ሰው ሳጣ ጊዜ የራዲዮ ወዳጆች የቴሌግራም ግሩፕ ገባሁ። ስሜ ደስታ ነው፤ ወንድም ሴትም ይጠራበታል። የግሩፑ ሰዎች ለጥያቄያቸው የምሰጠውን መልስ ሲወዱት «ጋሽ ደስታ» እያሉ አንቱ ይሉኝ ጀመር። እኔም አላረምኳቸውም። ከእኔ በፊት የገቡ ሁለት ሴቶች ጠይቀው ጠይቀው፣ መልስ የሚሰጣቸው አጥተው ሲወጡ አይቻለሁ።

ባለፈው እሑድ ሞጣ ላይ በአካል እንገናኝ ተባለ። ይበቃል፣ ልታወቅ ብዬ ሄድኩ። ወንዶቹ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ አንድ ወንበር ባዶ ነው። ልቀመጥበት ስል የግሩፑ አስተባባሪ ወንበሩን ያዝ አደረገው።

«እህቴ፣ ይሄ የጋሽ ደስታ ነው።»

«ደስታ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሳቁ። «ተጫዋች ነሽ! ልጃቸው ነሽ አይደል?» ብለው በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ስልኬን አውጥቼ ማሳየት እችል ነበር፤ ግን ለገዛ ስሜ ማስረጃ ላቀርብ ነው?

ጋሽ ደስታ እንዲያዩት የመጣ የማይሠራ አሮጌ ራዲዮ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሲብስብኝ ተነስቼ ከፈትኩት፤ የተበጠሰች ሽቦ አገኘሁና በራሳቸው መበየጃ በየድኳት። ራዲዮው ሲናገር ሁሉም ዞረው አዩኝ። አሁንስ ገባቸው ስል አስተባባሪው ራሱን ነቀነቀ።

«እንዴት አድርገው ቢያስተምሯት ነው!»

ወንበሩ ባዶውን ዋለ።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። አስተባባሪው በቴሌግራም የጻፈልኝ መልእክት ነው።

«ጋሽ ደስታ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት። በሚቀጥለው ግን እርስዎ ራስዎ ይምጡ። ያለ እርስዎ እኮ ቤቱ ጭር አለብን።»