እናቷ ነኝ ያሉት መምህርት

መምህርት አርዲት ማኒጎትስ ዓርብ ዕለት ከሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ተባረው፣ እሑድ እዚያው ጸሎት ቤት የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እንዴት መዘመር ቻሉ? ብዙ አሰብኩበት። እኔ ብሆን ደጁን አልረግጥም ነበር።

እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤቱ ከቀዩ ገደል ሥር ነው፤ ልጆቹ ሰኞ ገብተው እዚያው እያደሩ ዓርብ ይወጣሉ። ብዙዎቹ አባት ጠርሙስ ይዞ ከጠፋበት፣ ወይም እናት ጋሎፕ ከተማ ወርዳ ከቀረችበት ቤት የመጡ ናቸው። መምህርት ማን ሳይበላ እንዳደረ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። የበቆሎ ገንፎ ድስት ክፍሉ ጥግ ይቀመጣል፤ የፈለገ ይጨልፋል። ስንደባደብ ደግሞ «አንተ የአያትህ ፍየል፣ አጥር ካልዘለልክ ሣሩ አይጥምህም አይደል?» ይሉና ያስቁብናል።

ባለፈው መኸር የሻንዲን እናት ልጇን ለመውሰድ መምጣት አቆመች። ሻንዲን ስምንት ዓመቷ ነው። ማታ ጫማዋን አታወልቅም፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ተነሥታ መስኮቱ ላይ ትለጠፋለች። ርዕሰ መምህሩ ክሌንደን፣ ከአዮዋ የመጣው ፈረንጅ፣ «ዘመድ የላትም» ብሎ ለሕፃናት ቢሮ ደወለ። ሩቅ ከተማ፣ ፊኒክስ፣ ሄዳ የማታውቃቸው ሰዎች ቤት ልትኖር ነው። ዘመድ የላትም! አንድ ቀን እንኳ የማን ወገን እንደሆነች አልጠየቃትም። እኛ የዚህ ምድር ነባር ሕዝብ ዘንድ ሰው ከስሙ ቀጥሎ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ የእናቱን ጎሳ፣ ከዚያ የአባቱን።

ዓርብ ከቢሮው አንድ ሽበታም ሰው መጣ፤ የኛው ሰው ነው። የሻንዲን ሻንጣ ደጅ ወጥቷል። እኔ የትምህርት ቤቱ ጥገና ሠራተኛ ነኝና የማሞቂያውን ቧንቧ እየጠገንኩ ነበር። መምህርት ከክፍል ወጥተው ከሻንጣውና ከመኪናው መሃል ቆሙ።

«እናቷ እኔ ነኝ» አሉ።

ክሌንደን ፊቱ ቀላ። «እርስዎ ወልደው አያውቁም።»

«አልወለድኳትም። እናቷ ነኝ።»

ሽበታሙ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለና ልጅቷን በቋንቋችን ወገኗን ጠየቃት። ሻንዲን በቀጭን ድምፅ፣ የእናቷ ጎሳ መራራ ውሃ የሚባለው እንደሆነ ነገረችው። የመምህርትም ጎሳ መራራ ውሃ ነው፤ በኛ ልማድ ደግሞ የእናት ጎሳ ሴት ሁሉ እናት ናት። ሰውዬው ሳቁ መጣ።

«አባቴም መራራ ውሃ ነው» አላት። «የአባቴ ጎሳ ሴት ነሽ፤ እንግዲያው አንቺ አክስቴ ነሽ። አክስቴን ጭኜ ፊኒክስ ብጥላት አባቴ ደጁን ይዘጋብኛል። በይ አክስቴ፣ ለወንድምሽ ልጅ ማስቲካ የለሽም?»

ሻንዲን ከኪሷ ግማሽ ማስቲካ አውጥታ ሰጠችው። እያኘከ ለክሌንደን ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንደምትሄድ፣ ቢሮውም እየመጣ ቤቱን እንደሚያይ ነግሮት ሄደ።

ክሌንደን በልጆቹ ፊት መምህርትን ውሸታም አላቸው። የሚሲዮኑን የእምነት ቃል የፈረመ መምህር አይዋሽም፣ ዛሬውኑ ክፍሉን ይልቀቁ አለ። ዕድሜያቸውን እዚያ የጨረሱትን ሴት! ይሄ ሰው ስብከቱን የሚጀምረው «ወንድሞቼና እኅቶቼ» ብሎ ነው። እሱ ከአዮዋ መጥቶ ወንድሜ ሲለኝ እውነት ነው፤ እሳቸው የጎሳቸውን ልጅ ልጄ ሲሉ ውሸት ሆነ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

ሻንዲን መምህርት ቤትም ጫማዋን አላወለቀችም። ቀንም ሌሊትም መስኮቱ ሥር ቆማ መንገዱን ትጠብቃለች፤ የሚወስዷት ሰዎች የሚመጡ መስሏታል። መምህርት ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ይህን የነገሩኝ እኅታቸው ናቸው፤ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም አሉኝ።

እሑድ እንደዚያ ሆነው መጥተው ዘመሩ። ክሌንደን ስለ እውነት ሰበከ። ወደ ቤት ሳደርሳቸው እንዴት መዘመር ቻሉ የሚለውን ጥያቄዬን መኪና ውስጥ አወጣሁት። «መንገዱን እይ፣ ልጄ፤ ፊትህ ጉድጓድ አለ» አሉኝ።

እኅታቸው የበግ ሾርባ ሠርተው ጠበቁን። እየበላን ሳለ አንድ መኪና በመንገዱ አለፈ። ሻንዲን ማንኪያዋን ይዛ መስኮቱን አየች፤ ግን አልተነሣችም።

«ትንሿ እናቴ» አለቻቸው መምህርትን፣ እኛ ዘንድ የእናት እኅት እንደምትጠራው፣ «ቢመጡስ?»

«እናቷ እዚህ ናት እላቸዋለሁ።»

ልጅቷ ማንኪያዋን አኖረች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ከመምህርት ጫማ ጎን በር ሥር አስቀመጠች፤ ተመልሳ ጉልበታቸው ላይ ተጋደመች፤ ወዲያው ጭልጥ አለች። እኅታቸው ሊያነሷት ቢሉ መምህርት በእጃቸው ከለከሉ። እሳቸውም ወንበሩ ላይ እንዳሉ እንቅልፍ የወሰዳቸው በጎቹ ወደ ጋጥ ሲገቡ፣ ፀሐይ ገና ገደሉ ጫፍ ላይ ሳለች ነበር።